ሻይ የተቀባው ኮርኒስ

«ይህን የሠራ ሰው መቸኮል የሚባል ነገር አያውቅም ነበር» አለች ሴትየዋ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆና።

በንባብ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አንጋጦ ያይ ነበር። ከጋዜጣቸው ቀና ብለው የማያውቁት ጡረተኛ አስተማሪ እንኳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አፋቸውን ከፍተዋል። ምስማር የምትባለው ልጅ ብቻ ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። አንዱን የሒሳብ ጥያቄ ደጋግማ አነበበችው፤ ቁጥሮቹ ግን ዓይኗ ላይ ቆመው ወደ ጭንቅላቷ አንገባም አሉ።

ሴትየዋ ከቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣን የመጣች መርማሪ ናት። ነጭ የጨርቅ ጓንት ሳታጠልቅ ምንም ነገር ስለማትነካ የሰፈሩ ልጆች በመጣች ማግስት «ባለ ጓንቷ» የሚል ስም አወጡላት። ባትሪዋን ወደ ግድግዳው ጥግ አብርታ እንጨቱ ላይ የተፈለፈሉትን አበቦች አንድ በአንድ አየች። መሰላሉ አጭር ስለሆነ የደረሰችው ዝቅ ወዳለው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ከዚያ ሳትወርድ ወደ ታች ጠየቀች።

«ኮርኒሱ ተጠግኖ ያውቃል?»

ጥያቄው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለሆኑት ለጋሽ ቁልፉ ነበር። ጋሽ ቁልፉ ወገባቸው ላይ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጥላሉ። ግማሹ ቁልፍ የምን በር እንደሚከፍት እሳቸውም አያውቁም፤ ሲመጡ ግን ከሩቅ ስለሚንሿሿ ለሚያወሩ ልጆች ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «እኔ እዚህ ቤት የገባሁት ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። ሰው እጁን አሳርፎበት አያውቅም።»

ምስማር እርሳሷን አስቀመጠች። ውሸት ነው። ከዳር ዳሩ ጥቂት ረድፍ በቀር ያንን ኮርኒስ የሠራው የእሷ አባት ነው። እሷም ረድታዋለች።

የከተማው አስተዳደር ቤተ መጻሕፍቱን አፍርሶ በቦታው የገበያ ሕንጻ ሊያቆም ወስኗል። መጻሕፍቱ ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቀ ሰው «ይታሰብበታል» የሚል መልስ ነው ያገኘው፤ በዚያ ከተማ ደግሞ «ይታሰብበታል» ማለት «እርሱት» ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። የቀረው ተስፋ የቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ብቻ ነበር። ነጻ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከንቲባው አይሾሙትም፣ አይሽሩትም፣ ሊያዙትም አይችሉም። እሱ «ይህ ቤት ቅርስ ነው» ካለ አንዲት ቆርቆሮ የሚያነሳ አይኖርም። ችግሩ ቤቱ ከኮርኒሱ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረውም። ግድግዳው በየጊዜው ታድሷል፣ መስኮቶቹም ከተቀየሩ ቆይተዋል። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ኮርኒሱ ላይ ነው።

ኮርኒሱ ሲሠራ ምስማር ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ዝናቡ በርትቶ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ ከርጥበቱ ጋር ምስጥ ገባ። ጋሽ ቁልፉ የኮርኒሱን መካከል በመጥረጊያ እንጨት ቢነኩት እንደ ዱቄት ፈሰሰባቸው። ለበላይ አካል ቢያመለክቱ መልስ የሚሰጣቸው ጠፋ። ስለዚህ ወዳጃቸውን፣ አናጺውን የምስማርን አባት ጠሩት። ቤተ መጻሕፍቱ «ለጽዳት» ተብሎ ተዘጋ። አባቷም ያልተበሉትን አበቦች እያየና እየለካ የተበሉትን በመሮ ፈልፍሎ ተካቸው።

አዲሱ እንጨት ግን ነጭ ነበር። ዳር ካለው አሮጌ ጋር ሲተያይ ያስታውቃል። ያኔ ነው አባቷ በትልቅ ድስት ሻይ ያፈላው። አጥቁሮ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ጨርቅና ባልዲ ሰጣት። በሌላ ጣሳ ውስጥ የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፎ አስቀምጧል። እሷ ሻይ ያጠጣችው እንጨት ላይ እሱ ያንን ውኃ በጨርቅ ሲያሳልፍበት እንጨቱ ዓይናቸው እያየ ያረጅ ነበር።

«አየሽ ምስማሬ?» ይላት ነበር አባቷ በደስታ። «አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሳይጣላ እንዲኖር ሽማግሌ እናደርገዋለን።»

«እኔንም ቀባኝና ቶሎ ልደግ!»

«አንቺንማ አልነካም። ባለሽበት ቆይልኝ።»

ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው፤ ቀጭን ስለነበረች፣ ደግሞም ምስማር እያቀበለች ከሥሩ ስለማትጠፋ። ትልቅ ሰው የሚሠራውን ሥራ አብራ መሥራቷ እንጂ ሌላ ነገር አልታያትም ነበር። አባቷም ሰው ለማታለል ብሎ አላደረገውም። ሥራው አምሮ ሲታይ ደስ የሚለው ሰው ነበር፤ በቃ።

አባቷ ባለፈው ዓመት ታሞ ሞተ። የሠራቸው አልጋዎችና ቁም ሣጥኖች በየሰው ቤት ተበትነዋል። ሄዳ ልታየው የምትችለው አንድ ሥራው ያ ኮርኒስ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለማጥናት ሌላ ቦታ የማትሄደው። ሲደክማት ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ትለጠጥና ሽቅብ ታያለች። አንዳንድ ቀን ይቀላታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይብስባታል።

ባለ ጓንቷ እንደሄደች ጋሽ ቁልፉ ምስማርን የተቀደዱ መጻሕፍት ወደሚጠገኑበት ጠባብ ክፍል ጠሯት። ክፍሉ ኮላ ኮላ ይሸታል። ሽማግሌው የቁልፉን ዘለላ በመዳፋቸው ጨብጠው ድምፁን አፍነውታል።

«ሰማሽ አይደል?» አሏት።

«ሰማሁ ጋሼ። ለምን እንደዚያ አሉ?»

አልተቆጧትም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ ስዋሽ አላረጀሁም። ግን እውነቱን ብናገር ምን ይሆናል? ቤቱ ይፈርሳል። ቤቱ ሲፈርስ የአባትሽ እጅ አብሮ ይፈርሳል። እኔ ያንን ሰው ሁለት ጊዜ መቅበር አልችልም።»

ምስማር አንድ የተቀደደ መጽሐፍ አንስታ ገጾቹን ታስተካክል ጀመር።

«አንቺን ዋሺ አላልኩሽም» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «የሚጠይቅሽም የለም። ሆድ ይፍጀው ብለሽ መተው ነው። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

አባቷ የሞተ ሰሞን ቤት መግባት ያስጠላት ነበር። ያኔ ጋሽ ቁልፉ የመዝጊያ ሰዓት ካለፈም በኋላ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው እሷ እስክትነሳ ይጠብቋት ነበር። አንድም ቀን «በቃ ተነሺ» ብለዋት አያውቁም። እሳቸውን እንቢ የሚል አፍ ከየት ታምጣ?

«እሺ ጋሼ» አለች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሬዲዮ መንገዱን ሙሉ ስታወራ መጣች። ሬዲዮ ከምስማር ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት፤ ስሟ የወጣው ማጥፊያ ስለሌላት ነው። ለእሷ የነገሩት ነገር ሳይመሽ ዜና ስለሚሆን ምስማር ምንም አልተነፈሰችም።

«ዓርብ ከሰዓት ስብሰባ አለ አሉ» አለች ሬዲዮ። «ባለ ጓንቷ ሕዝቡን ልትሰማ ነው። ትልቅም ትንሽም መናገር ይችላል። እኔ ራሴ ልናገር ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«እኔ እንጃ። ማይክ ይስጡኝ እንጂ ወሬ አላጣም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ለሬዲዮ ዝቅ ማለት ከመንገዱ ማዶ የማይሰማ ማለት ነው። «ሴትየዋ ግን ለማንም ፊት አትሰጥም እኮ! ወንዝ ማዶ የአያቴን ሰፈር ታውቂ የለ? ባለ ሰገነቶቹን ቤቶች? ሊያፈርሷቸው ሲሉ ቅርስ ናቸው ብላ ያስቆመቻቸው እሷ ናት። ከንቲባው ደውለው ‹እስቲ ቢሮ ብቅ በይ› ቢሏት፣ ‹ማስረጃ ካለዎት እርስዎ ብቅ ይበሉ› አለቻቸው አሉ!»

«የእውነት?»

«አያቴ ናት ያወራችው፤ ትንሽ ሳትጨምርበት አትቀርም። ግን እኮ አሁንም ይግባኝ ብለው እየተከራከሯት ነው። አንዲት ስህተት ፈልገው ሊጥሏት ነው የሚያደቡት። አያቴ አሁን የምትጸልየው ለእኔ ፈተና ሳይሆን ለሴትየዋ ነው። አያናድድም?»

ምስማር መሳቅ ነበረባት፤ ግን ሳቁ አልመጣም።

«አንድ ስህተት ቢያገኙባትስ?»

«ከዚያማ አለቀላት! ‹ያኛውንም ቤት በውሸት ምስክር ነው ያገድሽው› ይሏታላ። የአያቴ ቤት ሄደ ማለት ነው። አሁን ይሄ ምን ያስጠይቃል? ምነው ፊትሽ እንደዚህ ሆነ?»

«አሞኛል» አለች ምስማር። ውሸቷንም አልነበረም።

ቤት ስትደርስ እናቷ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ወለሉ በሰማያዊ ቅዳጅ ተሞልቷል። ምስማር ቅዳጁን እየለቀመች ከረጢት ውስጥ ትከት ጀመር። ሳትታዘዝ ሥራ መጀመሯ ለእናቷ በቂ ምልክት ነበር፤ ፔዳሉን መርገጥ አቆመች።

«ምን አጠፋሽ?»

«ምንም። እማ፣ አባባ የላይብረሪውን ኮርኒስ የሠራውን ታስታውሻለሽ?»

«እንዴት እረሳለሁ? የቤቱን ሻይ በሙሉ ጨርሶብኝ አልነበር?» እናቷ ፈገግ ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። አባቷን እያነሱ መሳቅ ገና አልተለማመዱም።

ምስማር ሁሉንም ነገረቻት። ጋሽ ቁልፉ ያሉትን፣ ሬዲዮ ያወራችውን፣ እሷም «እሺ» ማለቷን። እናቷ መርፌውን ከጨርቁ ላይ አነሳች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«አባባ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» አለች ምስማር።

«አላውቅም የኔ ልጅ። ሙት አይጠየቅም። ‹እንዲህ ይል ነበር› ብዬ በስሙ ባወራ የራሴን ሐሳብ ነው የምነግርሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ብሆን ዝም እል ነበር» አለች እናቷ ሳታፍር። «ያ ኮርኒስ እንዲወድቅ አልፈልግም። እዚያ ቁጭ ብለሽ እንደምታጠኚ ሳስብ እሱ የሚያይሽ ይመስለኛል። ግን አንቺ እኔን አይደለሽም። ብትናገሪም ልጄ ነሽ፣ ባትናገሪም።»

ምስማር ከዚህ ይልቅ «ተናገሪ» ወይ «አትናገሪ» ብትላት በወደደች። ከረጢቱን አስራ በሩ ሥር አስቀመጠችና ለማጥናት ሞከረች። አልሆነላትም።

ዓርብ ከሰዓት የንባብ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያጣው ሰው መደርደሪያዎቹ መካከል ቆመ። ባለ ጓንቷ ጠረጴዛ ይዛ ተቀመጠች። የከተማው አስተዳደር ተወካይ ሸሚዙን አስተካክሎ ቀድሞ ሊናገር ሲነሳ «ተራዎ ሲደርስ» ብላ አስቀመጠችው፤ ከኋላ ያሉ ሰዎች አጨበጨቡ። እሷን ግን ጭብጨባውም ደስ አላላትም።

ሰው ተራ በተራ ተናገረ። ጡረተኛው አስተማሪ ማንበብ የጀመሩት እዚህ እንደሆነ ነገሯት። ሬዲዮ ማይኩን ስትይዝ ምላሷ ተሳስሮ «ላይብረሪውን እንወደዋለን» ብቻ ብላ ተቀመጠች። በመጨረሻ ተወካዩ ተነሳ።

«ክብርት መርማሪ፣ ስለ ፍቅር ነው የሰማነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ማስረጃ ነው። ይህ ኮርኒስ አሮጌ መሆኑን በምን ያውቃሉ? በአንድ ሰው ቃል? ወንዝ ማዶ ያሉትን ቤቶችስ ያገዱት እንደዚሁ ነው?»

ጉምጉምታ ተነሳ። ባለ ጓንቷ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ጥያቄው ትክክል ነው» አለች፤ ይህን ጊዜ ቀደም ሲል ያጨበጨቡላት ሰዎች ፊታቸው ተለወጠ። «የኮርኒሱን ዳር ዳር አይቼዋለሁ፣ እሱ አሮጌ ነው። የቀረውን የወሰድኩት በኃላፊው ቃል ነው። እኔ የምሠራው ለከንቲባው አይደለም፣ ለሰፈሩም አይደለም። ወንዝ ማዶ ያሉት ቤቶች እስከ ዛሬ የቆሙት ባለሥልጣኑ ያለው ነገር እውነት ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው፤ ሌላ ጠባቂ የላቸውም። የተሳሳትኩት ነገር ካለ ከመወሰኔ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።»

ጋሽ ቁልፉ በሩ አጠገብ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ምስማር እጇን ግማሽ ድረስ አንስታ መልሳ አወረደችው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይባላል፤ እሷ ደግሞ ገና አፋፉ ላይ ቆማ ቁልቁል እያየች ነበር። ስብሰባው ተበተነ።

ሰው ሁሉ እያወራ ሲወጣ እሷ ቀረች። ባለ ጓንቷ ባትሪዋን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ኮርኒሱን የሠራው አባቴ ነው» አለች ምስማር።

ሴትየዋ እጇ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀረ። «የትኛውን?»

«ከዳር ዳሩ በቀር ሁሉንም። ምስጥ በልቶት ነበር። እኔ ሻይ ቀብቼዋለሁ።»

ባለ ጓንቷ አልሳቀችም፣ አልደነገጠችምም። መሰላሉን አምጥታ ትልቁ የንባብ ጠረጴዛ ላይ አቆመችና «ያዢልኝ» አለቻት። ምስማር የመሰላሉን እግር በሁለት እጇ ይዛ የትኛውን እንደምታይ ነገረቻት፤ ከመካከለኛው አምፖል በስተግራ ያለውን አበባ፣ ከሌሎቹ ጠቆር ያለውን። ያንን ብቻዋን ነበር የቀባችው፤ ሻዩ በዝቶባት አባቷ «ይኼኛው የአንቺ ነው፣ ይቆይ» ብሎ ትቶላት ነበር።

ሴትየዋ ስስ ቢላ አውጥታ የአበባውን ጠርዝ በጥንቃቄ ፋቀችው። ከጥቁረቱ ሥር ነጭ እንጨት ወጣ። ባትሪዋን አብርታ ለብዙ ጊዜ አየችው። ጓንቷን አወለቀችና በባዶ ጣቷ ነካችው።

«ጥሩ እጅ ነበረው» አለች። «በጣም ጥሩ። ጥፋቱም እሱ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«እኛ አሮጌ ነገር ስንጠግን አዲሱ ክፍል ቀረብ ብሎ ላየው እንዲታወቅ እናደርጋለን። ሰው የትኛው ጥንታዊ፣ የትኛው የዛሬ እንደሆነ እንዲለይ። አባትሽ ግን አዲሱን ደበቀው።»

ምስማር ጉንጯ ጋለ። «አባቴ አታላይ አልነበረም!»

«አላልኩም።» ሴትየዋ ወረደችና ፊት ለፊቷ ቆመች። «አሁን የነገርሽኝን ልረሳው አልችልም። አንቺ እርሺው ብትይኝም አልችልም። ቤቱ ሊፈርስ ይችላል። ይህን አውቀሽ ነው?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

ምስማር ስለ ሬዲዮ አያት ልትናገር ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «መሰላሉ ላይ ሆነው ‹ይህን የሠራ ሰው› ሲሉ… ሌላ ሰው ነበር የመሰለዎት። አባቴ ነው እኮ። አባቴ ነው የሠራው።» እንባዋ መጣ፤ መሰላሉን ስለያዘች መጥረጊያ እጅ አልነበራትም።

በሩ ላይ ቁልፍ ተንሿሿ። ጋሽ ቁልፉ ለመዝጋት መጥተው ቆመው ነበር። ስንቱን እንደሰሙ ከፊታቸው ታየ። ዞረው ሄዱ፤ የቁልፉም ድምፅ እስከ ግቢው ጫፍ ድረስ ተሰማ።

ውሳኔው ለመውጣት ብዙ አልቆየም። የኮርኒሱ አብዛኛው ክፍል አዲስ በመሆኑ ቤቱ በቅርስነት አይያዝም ተባለ። የሰፈሩ ሰው ማን እንደተናገረ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። አንዳንዱ እሷን ሲያይ ወሬ ያቆማል። ጡረተኛው አስተማሪ ሰላምታዋን አልመለሱላትም። ሬዲዮ ሳይቀር ጥቂት ቀን ዴስክ ለውጣ ተቀመጠች፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች።

«ወንዝ ማዶ ያለው ክርክር አለቀ» አለች ደብተሯን እያወጣች፣ ሳታያት። «ያ ተወካይ ሴትየዋ በወሬ ነው የምትወስነው ቢል፣ ‹የላይብረሪውን እውነት አጣርታ ቅርስ አይደለም ያለችውስ ማን ናት?› አሉት ዳኞቹ። አያቴ አትነቀልም። እኔ ግን አሁንም ተናድጄብሻለሁ።»

«እሺ» አለች ምስማር።

ባለ ጓንቷ ለመጨረሻ ጊዜ በመጣች ቀን ምስማር ግቢው ውስጥ ጠብቃ ለመነቻት። «ቤቱ ይፍረስ። ኮርኒሱን ብቻ ነቅለው እንዲያወጡት ይዘዙልን።»

ሴትየዋ ቆመች። ፊቷ ላይ ሐዘን ነበር፤ መልሷ ላይ ግን አልነበረም። «ቅርስ አይደለም ብዬ ወስኛለሁ። ቅርስ ባልሆነ ነገር ላይ ማዘዝ አልችልም። ዛሬ ላንቺ ብዬ ከሥልጣኔ ካለፍኩ ነገ ለከንቲባው የምመልሰው አይኖረኝም። አስተዳደሩን ጠይቁ።» ጠየቁ። የአፍራሾቹ አለቃ እንጨት የሚለቅም ሰውም ጊዜም የለኝም አለ።

ቤቱ በሚለቀቅበት ቀን መጻሕፍቱን ወደ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ለማመላለስ ሰው ተሰበሰበ። ከሰዓት በኋላ ላይ ሁሉም ተበትኖ መደርደሪያ ብቻ ቀረ። ምስማር የመጨረሻውን ካርቶን አድርሳ ስትመለስ ጋሽ ቁልፉ አንዱን መደርደሪያ ብቻቸውን ሊጎትቱ ሲታገሉ አገኘቻቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ሄዳ በሌላኛው ጫፍ ያዘች። አልከለከሏትም። ሁለቱ ተሸክመው እስከ በሩ አደረሱትና ትንፋሽ ለመውሰድ አስቀመጡት።

«አባትሽ ቢኖር ዝም ይል ነበር» አሉ ሽማግሌው ወደ ደጅ እያዩ።

ይህ ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ግን እሳቸው አባቷን ከእሷ በፊት ያውቁታል፤ ምናልባትም እውነታቸውን ነው።

«ይሆናል ጋሼ» አለች።

ሽማግሌው ወደ ላይ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። ባዶ ክፍል ውስጥ ከበፊቱ ከፍ ያለ ይመስላል። «ነገ የሚጀምሩት ከእሱ ነው። በዲጅኖ እያነሱ ወደ ታች መጣል ነው። አንቺ አትምጪ። ይህን ማየት የለብሽም። እኔ ቁልፉን ማስረከብ ስላለብኝ ነው እንጂ እኔም ባልመጣሁ።»

ምስማር ወደ ላይ አየች። ነገ ጠዋት ትምህርት አለ፤ እዚያ ሄዳ ባታይ ማንም አይወቅሳትም፤ ስታስታውሰው ሁልጊዜ እንደተሰቀለ ይቆይላታል። ይህን ሁሉ አሰበችው።

«ከእሱ ጋር እኔም ሠርቼዋለሁ» አለች። «እመጣለሁ።»

ጋሽ ቁልፉ ጎንበስ ብለው የመደርደሪያውን ጫፍ ያዙ፤ እሷም በበኩሏ ያዘች።

«እንግዲያው በጠዋት ነይ» አሏት። «ቶሎ ነው የሚጀምሩት።»